ነጩ ብናኝና ጥቁሩ ብናኝ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ጭጋግ ላወራችሁ ነው። ስለ ዝናብ ጉም ሳይሆን ከተማ ላይ ስለሚንጠለጠለው፣ ከጭስ ስለሚመጣው።

ከፍታ ላይ ወጥቼ ከተማ ቁልቁል ማየት እወዳለሁ። ጠዋት ፀሐይዋን ፊት ለፊት ካያችሁ፣ ሩቅ ያሉት ሕንፃዎች ነጣ ባለ፣ በሚያበራ መጋረጃ ይሸፈናሉ። ዞር ብላችሁ ለፀሐይዋ ጀርባ ስትሰጡ ግን ጭጋጉ የሳሳ ይመስላል። አንዳንዴም ቡናማ ይሆናል። አየሩ ያው ነው፤ የዞራችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ነው። እይታን በዋናነት የሚጋርዱት ብናኞች ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ናቸው። እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ በደንብ ይበተናል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። አብዛኛው ወደፊት፣ ሲሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ያመዝናል። ፀሐይን ፊት ለፊት ስናይ ጭጋጉ ቦግ የሚለው ለዚህ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ ይህን ለክብ ቅንጣቶች እ.ኤ.አ. በ1908 በስሌት አስቀምጦታል፤ ዛሬም ይሠራበታል።

የአየር ሞለኪውሎች ግን በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ሰማያዊውን አብልጠው ይበትናሉ። ብናኞቹ ያን ያህል አይመርጡም። ሁሉንም ቀለም ደባልቀው ሲበትኑት ሰማዩ ይገረጣል።

እርጥበትም አለ። ነዳጅ ውስጥ ያለ ሰልፈር ሲቃጠል የሚፈጠረው ነጭ ብናኝ፣ ሰልፌት፣ ውሃ ይወዳል። አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃ ስቦ ጠብታ ይሆናል፤ ያብጣል፣ ብርሃንም አብዝቶ ይበትናል። ማለዳ «ዛሬማ ጭሱ ብሷል» የምንለው፣ አንዳንዴ ጭሱ ስለጨመረ ሳይሆን ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ነጩ ነው። ጥቀርሻ ጠባዩ ሌላ ነው። ብርሃንን ከመበተን ይልቅ ይውጠዋል፤ የዋጠው ሙቀት ሆኖ ዙሪያውን ያለውን አየር ያሞቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከብናኙ ክብደት ትንሹ ድርሻ የእሱ ነው፤ ግን የሚሠራው ሥራ ከድርሻው በላይ ነው። ቆይቶ በሰልፌት ሲለበጥ ደግሞ ልባሱ እንደ ሌንስ ብርሃኑን ወደ መሃሉ ይሰበስብለታል። ያኔ ይበልጥ ይውጣል። ከማገዶ ጭስ የሚመጣ ቡናማ ካርቦንም አለ፤ እሱ ሰማያዊውን እየመረጠ ስለሚመጥ ጭጋጉን ያደፈርሰዋል።

በጣም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥቀርሻ የበዛበት ንብርብር ከላይ ይሞቃል። መሬቱ ደግሞ ጥላ ስለወደቀበት የሚደርሰው ፀሐይ ይቀንሳል። አየር ሽቅብ የሚወጣው ታች ሲሞቅ ነው፤ እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ አየሩ በደንብ አይደባለቅም፣ ጭሱም እዚያው ይታፈናል። ጭሱ ራሱ መውጫውን ዘጋ ማለት ነው።

ነጮቹ ብናኞች ግን ብርሃንን ወደ ህዋ እየመለሱ ምድርን ያቀዘቅዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንስ ገምጋሚ ቡድን የሆነው የአይፒሲሲ የ2021 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት ይህንን ቅዝቃዜ፣ በዋናነት ከብናኞች የመጣውን፣ ከ0 እስከ 0.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይገምተዋል። ሰፊ ግምት ነው፤ ብናኝ እንዲህ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወረደ። ሰልፌቱ ሲቀንስ ጥላውም ይቀንሳል።

ይህንን ይዘው «እንግዲያው ጭሱን ተዉት፣ አትንኩት» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ያው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ደግሞ እሱ በቀናት ወይም በሳምንታት ከአየር ሲወርድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለዘመናት ይቆያል። በጊዜያዊ ጥላ ዘላቂ ሙቀት አይሸፈንም።

ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ ከጥቀርሻው እጀምራለሁ፤ ከናፍጣ ሞተርና በደንብ ካልነደደ ማገዶ። ችግሩ፣ ጥቁሩና ነጩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጭስ ማውጫ ነው የሚወጡት።