ተልባው ብቻውን አይሠራም፤ ውሃውም መድኃኒት ነው

(ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ይታያል።)

ይህን ብርጭቆ አያችሁት? ከ20 ደቂቃ በፊት 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በውሃ በጥብጬ ያስቀመጥኩት ነው። ማንኪያውን ላንሳው... ክር እየሳበ ይከተለዋል። የሆድ ድርቀት ያስቸገረውን ሰው የሚረዳው ይሄ ዝልግልጉ ነው።

ትልቁ አንጀት ከምግብ ቅሪት ውስጥ ውሃ ይመጥጣል። ቅሪቱ እዚያ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ሲወጣም ያሳምማል። በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች የሚቀመጥ፣ ወይም ሁልጊዜ እያማጠ የሚቀመጥ ሰው ድርቀት አለበት ይባላል። የተልባ ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው ክፍሉ) ታዲያ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የያዘውንም ውሃ ለአንጀት በቀላሉ አይለቅም። ሰገራው ይለሰልሳል፣ ይበዛል፤ አንጀትም ሲሞላ ራሱ መግፋት ይጀምራል።

እናቶቻችን ተልባውን አመስ አመስ አድርገው፣ ወቅጠውና ነፍተው፣ በጥብጠው ነበር የሚሰጡን። ውሃው አብሮ ነበር ማለት ነው። አሁን ግን ደረቁን ቅመው በአንድ ጉንጭ ውሃ የሚያወርዱ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ውሃ ያጣ ተልባ ጉሮሮ ወይም አንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል።

በቀን በ1 የሾርባ ማንኪያና በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጀምሩ፤ ቀኑን ሙሉም ውሃ ጠጡ። ልትተኙ ስትሉ አትውሰዱት። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ 1 ሰዓት አራርቁት። ደግሞ ታገሡ፤ በደንብ የሚሠራው ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው።

(የሰናመኪ ቅጠል ይታያል።)

ሰናመኪ ሌላ ነገር ነው። በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ይለውጡትና አንጀቱን ያነሳሱታል። ማታ የወሰደ ሰው ጠዋት ያስቀምጠዋል፤ ቁርጠትም ሊኖረው ይችላል። ለጥቂት ቀን እንጂ ያለ ሐኪም ምክር ከ1 ሳምንት በላይ የሚወሰድ አይደለም። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» እየተባለ በየቀኑ እንደ ሻይ ሲጠጣ ሳይ እውነት ለመናገር እፈራለሁ።

የጉሎ ዘይትም በሰዓታት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ምጥ ሊያስነሳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር እንዳትነካው። ፍሬውን ደግሞ ማንም አይብላ። ምጣድ የምናስስበት ያ ጉሎ ሰው የሚገድል መርዝ አለበት፤ ከልጆች አርቃችሁ አስቀምጡት።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተልባና ሰናመኪም ቢሆን ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። የደም ማነስ ኪኒን ከጀመራችሁ ወዲህ የመጣ ድርቀት ከሆነ፣ ኪኒኑ ውስጥ ያለው አይረን (ብረት) ሆድ ያደርቃልና ኪኒኑን ላዘዘላችሁ ሐኪም ንገሩት።

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ወይም ሆዳችሁ ተነፍቶ እያስመለሳችሁ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለ፣ ተልባ አትበጥብጡ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።