ያነሳችሁትን መልሱ

(ደብረ ብርሃን ላይ በወጣቶች የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን መክፈቻ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እንግዶቻችን፣ እናንተም ካሜራ አንገታችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክና ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ ንገረን» ብለውኛል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደባት ብለው በቆረቆሯት ከተማ ተቀምጣችሁ፣ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ አፍንጫችሁ ሥር እያለ፣ እኔ ለእናንተ ታሪክ ላስተምር? ይቅርብኝ። ለጥበቡም ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት ይበቃል። ቆንጆ ነው፣ ከልቤ ነው። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መስመር ገባ ብላ ወዳለች መንደር ሄጄ ነበር። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው። ክዳናቸው ገሚሱ ሣር፣ ገሚሱ ቆርቆሮ ነው። አሮጌዋ ማርያም ጥድና ወይራ ውስጥ ተሸሽጋለች። ቄሰ ገበዙ ቁልፍ ይዘው መጡ፤ በሩን ግን አልከፈቱም።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከደብረ ብርሃን ነኝ አባ።»

«ካንተ በፊት አንስተው የሄዱትስ? ፎቶው የታለ?»

«እኔ አላውቃቸውም።»

«እነሱም ከእነሱ በፊት የመጡትን አናውቅም ነበር ያሉን።»

ምን ይመለሳል? ዝም አልኩ። ብቻ ከፈቱልኝ። ቅኔ ማሕሌቱ ጨለማ ነው። ፍላሹን አጠፋሁ፣ ካሜራውን ስታንድ ላይ አቆምኩና ዓይኔ እስኪለምድ ጠበቅኩ። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተስሎ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የገባው ዝናብ ወርዶ ወርዶ የጊዮርጊስን ፈረስ ከጉልበቱ በታች አጥቦታል። የጨርቁ ጫፍ ከጭቃው ተላቆ ወደ ውጭ ተጠቅልሏል። ሥሩን ምስጥ ይዞታል። አንድ ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው።

ስወጣ ደጀ ሰላሙ ጋ አንዲት እናት ጠሩኝ። ባላቸው ደብተራ ነበሩ፤ አርፈዋል። አንድ ዓመት ለጥምቀት ከበሮ እየመቱ ሳለ ከከተማ የመጣ ሰው አነሳቸው። ከዚያ ልጃቸው አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄዶ አንድ ቢሮ ሲገባ፣ አባቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ! የጥር ወር ገጽ ላይ፣ ከበሮውን እንደታቀፉ! «ስጡኝ» ቢል «የቢሮ ንብረት ነው» አሉት። እናቱ ዘንድ ያለችው የአባቱ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ናት። እሷም ደብዝዛለች። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «እስቲ አንተ አፈላልገህ አምጣልኝ። ወሩ ቢያልፍም ግድ የለም።»

ልጆች፣ አሁን ልቆጣ ነው። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ ከአያቶቻችን የበለጠ ፎቶ አለው! በየመጽሔቱ፣ በየሆቴሉ አለ። ሴትየዋ ጋ ግን የባሏ ፊት የለም። ላይኩን ለቀማችሁ፣ ሽልማቱን ወሰዳችሁ፣ ፎቶውንም የሸጠ ሸጠ። አንዷን ወረቀት አሳትሞ ለመላክ ግን እጅ ያጥራል! ይሄ ነውር ነው። ነውር ነው እላለሁ፣ የሚከፋው ይክፋው።

ደግሞ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄደ፤ ተገኘና ተመለሰ። ለምን? ዓለም መልኩን ስለሚያውቀው «የእኔ ነው» ማለት ተቻለ። የዚያች መንደር መስቀል ነገ ቢጠፋ ቄሰ ገበዙ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ምን ይላሉ? «የነሐስ ነው፣ እዚህ ጋ ሰበር ያለ ነው»? የጉምሩክ ሠራተኛው በምን ይለየው? ምስሉ ያለው የአንዳችሁ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ተበላሽቷል።

አሠራሩን ያሳዩን አሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም፣ ማለት ገጻቸውን አሳንሶ በፊልም የማንሳት ሥራ ከየአድባራቱና ገዳማቱ፣ ከሸዋም በብዛት፣ መጻሕፍትን አንስቷል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ካታሎግ እያንዳንዱ መጽሐፍ የየትኛው ደብር እንደሆነ ይነግራችኋል። እናንተ ግን እዚህ ግድግዳ ላይ የጻፋችሁት «ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን» ነው። የት ያለው? የማን?

ሌላውን ቶሎ ልበለው። ሥዕል ላይ ፍላሽ አታብሩ። ቄሱ «አይቻልም» ካሉ አይቻልም። መቅደስ መግባት አይታሰብም። የቅርሱን ዝርዝርና ያለበትን ቦታ ግን ፌስቡክ ላይ አትዘርግፉት፤ ሌባም ስልክ አለው።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ እነዚህ ፎቶዎች ወደ መጋዘን አይሄዱም። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረናል። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ የደብሩ ስም፣ የተነሳበት ቀንና የአንሺው ስም ይጻፋል፤ ከዚያ ወደየደብሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል። የሰው ፎቶ ከሆነ ለሰውየው፣ ካረፈ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ማሳተሚያ ያጠረው ወደ እኔ ፎቶ ቤት ይምጣ፣ የወረቀቱን እኔ እችላለሁ። መዝገቡ በሩ ጋ አለ፣ እስክሪብቶም ታስሮበታል።

የዚያ ቀን መቁጠሪያ ፎቶ አንሺ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ስሙን አልጠይቅም፤ ፋይሉን ብቻ ይላክልኝ። አመሰግናለሁ።