የልጆችን የእንቅስቃሴ ቅንጅት መጠይቅ ለወሎ ስናዘጋጅ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ወላጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የምንነጋገርበት መጠይቅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የተዘጋጀው፣ በምህጻሩ ዲሲዲኪው (DCDQ) የሚባለው ነው፤ ልጅ ዓይኑን፣ እጁንና እግሩን አቀናጅቶ መንቀሳቀሱን ይመዝናል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚያገለግል ሲሆን 15 ጥያቄዎች አሉት። ወላጅ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር እያነጻጸረ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ15 እስከ 75 ይደርሳል፤ ዝቅ ካለ ልጁ ሊመረመር ይገባል።

ትርጉሙ ሥርዓት አለው። ከአዘጋጆቹ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፤ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፤ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፤ ኮሚቴ ልዩነቱን ይመረምራል፤ ከዚያ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ወላጆች ላይ ይሞከራል። ይህን መንገድ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልቆይበትም። ሥራው የሚከብደው ጥያቄዎቹ ላይ ነው።

የሚመጣን ኳስ በዱላ ወይም በራኬት መምታትን የሚመለከት ጥያቄ አለ። «ገና አለልን» ብሎ መቸኮል ይመጣል። ገና ግን በአብዛኛው መሬት ላይ ያለችን ሩር መምታት ነው፤ የወንዶች፣ ያውም የአንድ ወቅት ጨዋታ ነው። ጥያቄው የሚፈልገው ዓይንና እጅ እየመጣች ባለች ኳስ ላይ በሰዓቱ መገናኘታቸውን ነው። «የተወረወረለትን የጨርቅ ኳስ በዱላ ይመታል» ቢባል ይሻላል። ኳስ መቅለብን የሚጠይቀው ደግሞ ርቀት አለው፤ ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር፣ ኳሷም የቴኒስ ኳስ የምታህል። የካልሲ ኳስ በዚያው መጠን ከተጠቀለለ ይበቃል፤ ርቀቱን ለወላጅ «ሦስት እርምጃ ያህል» ማለት ነው።

የጫማ ክር ማሰርም አለ። ኮንጎ ጫማ ብቻ የሚያደርግ ልጅ ክር አስሮ አያውቅም። ወላጁ 1 ብሎ ይሞላል፤ ልጁ ባልሞከረው ነገር ነጥብ ያጣል። በምትኩ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍና የጥጃ ገመድ መቋጠር ይገባሉ፤ ሁለቱም የጣቶችን ቅንጅት ይጠይቃሉ።

አንዱ ጥያቄ ሸክላ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ስለገባ በሬ የሚነገር፣ ዕቃ እየገጨ ለሚሰብር ሰው የሚባል የእንግሊዝኛ ዘይቤ አለበት፤ ያውም በአሉታ። እንዳለ ቢተረጎም «አዎ» ያለችው እናት ምን ማለቷ እንደሆነ አይለይም። «ቡና ሲፈላ ረከቦቱን ሳይነካ ያልፋል» ብሎ በአዎንታ ማስቀመጥ ነው። ከፍ ያለ ነጥብ ጥሩ ቅንጅትን ማመልከቱን ግን አትቀይሩ።

የአማርኛ ግሥ ጾታ ስለሚለይ የወንድና የሴት ልጅ ቅጽ ለየብቻ ይታተም። «ይወረውራል/ትወረውራለች» እያለ በጭረት የተሞላ ወረቀት አንባቢውን ያደናቅፋል። ከሚሴ አካባቢ ደግሞ የአፋን ኦሮሞ ቅጽ ያስፈልጋል፤ ጠያቂው እዚያው በቃሉ እየተረጎመ መጠየቅ የለበትም።

ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ጠያቂው ያነብላቸዋል። ምሳሌዎቹ በቅጹ ላይ ያሉት ብቻ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን ምሳሌ ከጨመረ መጠይቁ በጠያቂው ቁጥር ልክ ይበዛል። «ልፍስፍስ» የሚል ቃል ርዕሱም ውስጥ ሆነ ንግግሩ ውስጥ አይግባ፤ እናቲቱ ልጇን ለመከላከል ሁሉንም 5 ትሞላለች።

ከሁሉ በላይ ዕድሜ ላይ ተጠንቀቁ። በካናዳው መመሪያ ዕድሜው 8 ዓመት ያልሞላ ልጅ እስከ 46 ካመጣ የቅንጅት ችግር እንዳለበት ይጠረጠራል፤ 8 ሞልቶት 10 ያልሞላው እስከ 55፤ ከዚያ በላይ ላሉት እስከ 57። 50 ያመጣ ልጅ ዕድሜው 7 ከሆነ ያልፋል፣ 8 ከሆነ ይጠረጠራል። «ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል» የተባለ ልጅ የሞላው 7 ነው። የተወለደበትን ወር ከክትባት ካርድ፣ ካልተገኘም ከበዓልና ከአዝመራ ጋር እያያዛችሁ ጠይቁ። የልደቱንም የመጠይቁንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፤ አንዱ በፈረንጅ ከሆነ ስሌቱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይፋለሳል።

እነዚህ መቁረጫ ነጥቦች የወጡት ለካናዳ ልጆች ነው። ለወሎ ልጆች የራሳችንን የምናወጣው መጠይቁን ልጁ ራሱ እየሠራ ከሚታይበት ቀጥተኛ የእንቅስቃሴ ፈተና ጋር በማነጻጸር ነው። ያው ወላጅ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ሲጠየቅ ተቀራራቢ መልስ መስጠቱም ይታያል። እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ስያሜ አይሰጠው፤ ዓይኑ ይታይ፣ የደም ማነስና ወባ እንደሌለበት ይጣራ፣ ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይላክ።