የክላስ አክሽን ካሳ ማመልከቻ ቀን ካለፈባችሁ

(ስክሪን፦ ከሱቅ ማስታወቂያዎች መሃል የወጣ ፖስታ)

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ይህን የካሳ ፖስታ እናውቀዋለን። ደቃቅ እንግሊዝኛ የሞላበት፣ ማስታወቂያ የሚመስል ወረቀት ነው። መሳቢያ ውስጥ ከተን እንረሳዋለን። ከወራት በኋላ የሥራ ባልደረባችን «የፌስቡኩ ካሳ ገባልኝ» ሲለን ፈልገን እናወጣዋለን፤ ቀኑ አልፏል።

አለቀ ማለት ነው? ብዙ ጊዜ አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከባዱን ላስቀድም። ክላስ አክሽን ጥቂት ሰዎች በብዙ ሺህ ወይም ሚሊዮን ሰዎች ስም የሚመሠርቱት የጋራ ክስ ነው። ካሳ በሚከፈልባቸው በአብዛኞቹ ጉዳዮች፣ «እኔን አውጡኝ» ብሎ በጊዜው በጽሑፍ ያላሳወቀ ሰው ዳኛው ባጸደቀው ስምምነት ይታሰራል። ቅጹን ባይሞላም ይታሰራል። ስለዚህ ገንዘቡን ሳያገኝ፣ በዚያው ጉዳይ ኩባንያውን የመክሰስ መብቱንም ያጣል። እንግሊዝኛው የከበዳቸው እናትና አባቶቻችን መብታቸው እንዲህ ሳያውቁት መሄዱ በጣም ያሳዝነኛል።

(ስክሪን፦ የፌስቡክ ጉዳይ፣ 725 ሚሊዮን ዶላር)

አሁን ወደ ተስፋው። ፌስቡክ የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ ማመልከቻው የተዘጋው ኦገስት 25 ቀን 2023 ነበር። ይግባኝ ስለተጠየቀበት ክፍያው የተጀመረው በ2025 ነው። በማመልከቻና በክፍያ መካከል እንዲህ ረጅም ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡ እስካልተከፋፈለ ድረስ ደግሞ በአንዳንድ ጉዳዮች ዘግይቶ የመጣ ማመልከቻ ይታያል።

ስለዚህ ዛሬውኑ በፖስታ የመጣላችሁን የካሳ ማስታወቂያ አንብቡ። የሚቆጠረው ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ነው ወይስ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት? የመዝጊያው ሰዓት የካሊፎርኒያ ከሆነ ቨርጂኒያ ላለ ሰው ሦስት ሰዓት ይተርፈዋል። በእርግጥ ካለፈ «ይቻላል ወይ?» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ፤ ቅጹን ሞልታችሁ፣ የዘገያችሁበትን ምክንያት ከሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጋር ማመልከቻ ለሚቀበለው ድርጅት ላኩ። ሆስፒታል ተኝታችሁ ከነበረ፣ ወይም ወረቀቱ ወደ አሮጌ አድራሻችሁ ሄዶ ከሆነ ማስረጃ አያይዙ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በአንድ የኪሳራ (ባንክራፕሲ) ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዘግይቶ ለቀረበ ማመልከቻ የሚመዘኑት ነገሮች የመዘግየቱ ምክንያት፣ ርዝመቱ፣ በሌላው ወገን ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና የአመልካቹ ቅን ልቦና ናቸው ብሏል። «አላየሁትም» ብቻውን ደካማ ምክንያት ነው። ቀን ወደ ኋላ መልሳችሁ ግን በፍጹም አትጻፉ፤ ቅጹ ላይ የምትፈርሙት እውነት መሆኑን እያረጋገጣችሁ ነው።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ የተከሳሾቹን ወገን ሳይሆን የከሳሾቹን ጠበቆች ጠይቁ። ስልካቸው ማስታወቂያው ላይ አለ፤ ለጥያቄው አያስከፍሏችሁም። «ገንዘቡን አስወጣላችኋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው ግን አንዲት ሳንቲም አትስጡ።

(ስክሪን፦ ኢኩዊፋክስ)

ማመልከቻ የማይፈልግ ጥቅምም ሊኖር ይችላል። በ2017 የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ በተሰረቀበት የኢኩዊፋክስ (የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ኩባንያ) ጉዳይ፣ የመጨረሻው የማመልከቻ ቀን ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 አልፏል። መረጃው የተሰረቀበት ሰው ግን ቅጽ ባይሞላም፣ በስሙ ሌላ ሰው ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ቢያወጣበት ስሙን ለማጽዳት የሚረዳውን ነፃ አገልግሎት እስከ ጃንዋሪ 2029 ማግኘት ይችላል።