ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት ስለ ከበሮው

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው «ለጋራ የቢላ መሥሪያ ወርክሾፓችን ስፒንድል ሳንደር ልንገዛ ነው፤ ስለ አመራረጡና ስለ አጠቃቀሙ አጠር አድርገህ ተናገር» ብሎኛል። አጠር ማድረጉን እንደማልችልበት ታውቃላችሁ። እሞክራለሁ።

ስለ ማሽኑ ምንነት ብዙ አልልም፤ እንጨት ፍቆ የሚያለሰልስ ነው። ጠረጴዛ አለው። ከመሃሉ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ የጎማ ከበሮ ይገባል፤ ከበሮው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይጠለቃል። ዘንጉ ይሽከረከራል፤ ደህናው ማሽን ደግሞ እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ ይላል። ለቢላ እጀታ ሆድ፣ ለጣት ማረፊያ፣ ወደ ውስጥ ለሚገባ ማንኛውም ጎድጎዳ እሱን የሚያህል የለም። ስለት ለማውጣት ግን አይደለም። ለዚያ ቤልት ግራይንደር፣ ባለ ቀበቶው መሳያ፣ አለን። ይህን ስንት ጊዜ ልናገር?

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ኤግዚቢሽናችን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞርኩ እጀታ ስዳብስ አይታችሁኛል። አንድ ወዳጃችን፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ በጣም የሚያምር ቢላ ይዞ መጥቶ ነበር። ስለቱ እንከን አይወጣለትም። እንጨቱም ምርጥ ነው። አውራ ጣቴን በእጀታው ሆድ ላይ ሳስኬድ ግን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላል። በዓይን ብዙ አያስታውቅም። በእጅ ሲይዙት ግን ይቆረቁራል።

«በየትኛው ከበሮ ሠራኸው?» አልኩት።

«በትንሹ።»

«ለምን በትንሹ?»

«ማሽኑ ላይ የነበረው እሱ ነዋ!»

እኔ ሌላ ምክንያት እየጠበቅኩ ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ሆኖበት፣ ወረቀቱ አልቆበት ምናምን። ማሽኑ ላይ የነበረው እሱ ነዋ!

በኋላ ወርክሾፕ ወስጄው የእጀታውን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርሳስ አጠቆርነው። ወርዱ 51 ሚሊሜትር የሆነውን ከበሮ ገጠምን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይጫን፣ ሳይቆም እንዲያልፍበት አደረግኩት። ከዚያ አየነው። ጉብታዎቹ ላይ እርሳሱ ጠፍቷል፤ ጉድጓዶቹ እንደ ጠቆሩ ቀርተዋል። ዝም ብሎ አየውና «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለ። ጥቂት ጊዜ ሲመላለስበት ጥቁሩ ጠፋ። ሆዱ አንድ ወጥ ሆነ። ሌላ ተአምር አልሠራንም። የቀየርነው ከበሮ ብቻ ነው።

ነገሩ ሒሳብ ነው። ትንሹ፣ 13 ሚሊሜትሩ ከበሮ፣ እንጨቱን የሚነካው በቀጭን መስመር ነው። እጃችሁ ለአፍታ ካመነታ እዚያው ይቆፍራል። ትልቁ ከበሮ ግን ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ ጉድጓዱን ተሻግሮ ጉብታውን ይበላል። ሌላም አለ። ዘንጉ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። የ76 ሚሊሜትሩ ከበሮ ገጽ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። የ13ቱ 1.4 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አልቆርጥ ይላችኋል፤ ትጫናላችሁ፤ ስትጫኑ ይግላል፤ ወረቀቱ ይደፈናል፤ እንጨቱ ይጠቁራል። ከዚያ ምን ትላላችሁ? «ማሽኑ አይረባም!»

ማሽኑ ምን አደረገ? ከበሮ መቀየር እኮ አንዲት ብሎን ማላላት ነው! ለአንድ ስለት ሳምንት የሚለፋ ሰው፣ ከበሮ ለመቀየር ሁለት ደቂቃ አጣሁ ሲል ልሰማው አልፈልግም። ጎድጎዳው ውስጥ የሚገባው ትልቁ ከበሮ የትኛው ነው? እሱን ግጠሙ! ትንሹ ለጣት ማረፊያዋ ጠባብ ቦታ ብቻ ይጠበቅ!

እንዲያውም ነገሩ ከንድፉ ይጀምራል። እጀታ ከመንደፋችሁ በፊት ከበሮዎቹን ወረቀት ላይ አቁማችሁ ዙሪያቸውን በእርሳስ አስምሩ። ጎድጎዳውን ከእነዚያ ክቦች በጥቂቱ ሰፋ አድርጋችሁ ንደፉ። በወረቀት ላይ የሚያምር፣ ግን አንድም ከበሮ የማይገባበት ኩርባ ስላችሁ ስትመጡ ልረዳችሁ አልችልም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሻጭ ጋ ሲሄድ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አስቀድሞ አይጠይቅብኝ። መጀመሪያ፣ ስንት ከበሮ አብሮት ይመጣል? ከ13 እስከ 76 ሚሊሜትር ያለው ቢሟላ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? የማይል ከሆነ ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያልቃል፤ ጭረቱም መስመር ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ እስኳድራ አስደግፋችሁ ከዘንጉ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሆኑን እዩ። በከበሮውና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠቡ፣ ለየከበሮው የሚሆኑ የቀዳዳ ቀለበቶችም ይኑሩት፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ቀጭን ሥራ ይሰምጥበታል።

«ትራፓኖ አለን እኮ፣ ከበሮ ገጥመንበት እንሥራ» ያላችሁም አላችሁ። ቀለል ላለ ሥራ ያገለግል ይሆናል። ግን የትራፓኖ ኩሽኔታ የተሠራው ቁልቁል ለመጫን እንጂ ከጎን ለመገፋት አይደለም። ከጎን ሲገፉት ቻኩ፣ መሰርሰሪያውን የሚይዘው መንጋጋ፣ ራሱ ተላቅቆ ሊወድቅ ይችላል። እኔ አልመክርም።

አጠቃቀሙን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። ሥራውን ከበሮው ከሚዞርበት በተቃራኒ ግፉ፤ አብራችሁት ከሄዳችሁ ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል። ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉ። ጓንት አታድርጉ፤ እጅጌ ሰብስቡ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አውጡ፣ ወደ 120 ከዚያም ወደ 220 እለፉ፣ የቀረው በእጅ ነው። የእጀታው የናስ ሚስማር ለጣት ከጋለ አቁሙ፤ እጀታውን የሚይዘው ተራ ኢፖክሲ ሙጫ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች ይለሰልሳል፣ እጀታውም ይለቅባችኋል።

አቧራውን የአቧራ መሳቢያ ማሽኑ ይሳብ፣ እናንተም ማስክ አድርጉ። የአጥንትና የፋይበርግላስ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው። እንጨት ስትሠሩ ቆይታችሁ ብረት ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ የአቧራውን ከረጢት ባዶ አድርጉ፤ የብረት ፍንጣሪ የእንጨት አቧራ ውስጥ ገብቶ ከተዳፈነ እሳቱ የሚነሳው እናንተ በራችሁን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው።

ኮሚቴው ያቀረባቸው ሁለት አማራጮች ናቸው። አንደኛው ሞተሩ ኃይለኛ ነው፣ ግን ሁለት ከበሮ ብቻ አለው። የእኔን ድምፅ ለየትኛው እንደምሰጥ ሳትገምቱ አትቀሩም። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።