ቀኑን አትለውጡት

(ለነርስነት ፈቃድ ፈተና ለሚዘጋጁ ኢትዮጵያውያን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከናይት ሺፍት (ከሌሊት ሥራ) ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ነርሲንግ ጨርሼ የመፈተኛ ፈቃዴ በኢሜይል የደረሰኝ ቀን በደስታ አልቅሻለሁ። ያ ፈቃድ ግን ሳልጠቀምበት ጊዜው አለፈ። እንደምታውቁት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠን 90 ቀን ነው፤ አይራዘምም። መጀመሪያ የያዝኩትን የፈተና ቀን የለወጥኩት ሥራ ቦታ ሰው ጎድሎ ደብል ልግባ፣ ሁለት ሺፍት አከታትዬ ልሥራ ብዬ ነው። ሁለተኛውን የለወጥኩት እናቴ አዲስ አበባ ታማ ለሕክምናዋ የምልከው ብር ስላስፈለገኝ ነው። ሦስተኛው የዘመድ ሠርግ ነበር። 24 ሰዓት ቀደም ካሉ ቀን መለወጥ አያስከፍልም፤ ስልክ ላይ ነካ ነካ ማድረግ ነው። እንዲህ እያልኩ ዘጠናው ቀን አለቀ። እንደገና ተመዘገብኩ፤ 200 ዶላሩንም እንደገና ከፈልኩ።

ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱም ውሸት አልነበረም። እናቴ በእውነት ታማ ነበር። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። የእኛ ፍርሃት ፍርሃት መስሎ አይመጣም፤ ኃላፊነት መስሎ፣ የቤተሰብ ፍቅር መስሎ ነው የሚመጣው። ደብል የምትሠራን ሴት ማን ሰነፍ ይላታል? ሁሉም «ጎበዝ» ይላታል፤ እሷም ታምነዋለች። ለእናቴ የሚላከውን ብር በሌላ ቅዳሜ ሠርቼ ልልክ እችል ነበር። ይህን ያኔ ማሰብ አልፈለግኩም።

ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ለተማሪዎች ፈተና ሰጡ፤ ለከፊሎቹ የደረሳቸው ጥያቄ መልስ የሌለው ነበር። ያም ሆኖ «በጣም ጥሩ ሠርታችኋል» አሏቸው። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ሁለት መድኃኒት አቀረቡላቸው፤ አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል ተብሎ። እንዴት እንደተሳካላቸው ያልገባቸው ተማሪዎች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ወደሚያደነዝዘው አዘነበሉ። ቢወድቁ «መድኃኒቱ ነው» ይላሉዋ! እኛ ክኒኑን በደብል ሺፍት እንውጠዋለን። «ጊዜ ባገኝ አልፍ ነበር» የሚለው ተስፋችን ሳይነካ እንዲቀመጥልን እንፈልጋለን። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ይህችን ተስፋ እንዳቀፈ፣ ለአርኤን (ለባለ ፈቃድ ነርስነት) የሚበቃ እውቀት ይዞ፣ አሥር ዓመት በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ሲኖር አይቻለሁ። ያንገበግበኛል።

ይሉኝታም አለ። የፈተናችንን ቀን ለማንም አንነግርም፤ ብንወድቅ እንዳይሰማብን። ማንም ስለማያውቀው ደግሞ ስንለውጠው የሚይዘን የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምንለው ለበሽተኞቻችን ብቻ መሆን የለበትም። ለመንደሩ ሁሉ አታውጁት፤ ለአንድ ሰው ግን ንገሩ። «ቀኑን ልለውጥ ስልህ እሺ አትበለኝ» በሉት።

ስለ ፈተናው ራሱ ልናገር፤ ፈሪ የሚያደርገን በከፊል አለማወቅ ነውና። ኤንክሌክስ፣ ይህ የነርስነት ፈቃድ ፈተናችን፣ ለሁላችን አንድ ዓይነት ወረቀት አይደለም። በትክክል ስትመልሱ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ያከብደዋል፤ ስትሳሳቱ ያቀለዋል። የሚፈልገው የመመለስና የመሳት ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ የሆነበትን ጥያቄ ነው። ስለዚህ በጣም ጎበዟም ብትሆን እዚያ ወንበር ላይ «እየወደቅኩ ነው» እያለች ነው የምትቀመጠው። ጥያቄው ከብዶ መምጣቱ ብዙ ጊዜ የጥሩ ምልክት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጥያቄው ብዛት ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ነው፤ ጊዜው 5 ሰዓት። ኮምፒውተሩ ስለ ማለፋችሁ ወይም ስለ መውደቃችሁ 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ፈተናውን ይዘጋል። በ85 ተዘጋ ማለት ወደቃችሁም አለፋችሁም ማለት አይደለም። 86ኛው ከመጣ ደግሞ ገና አልተወሰነም፤ ነገሩ በእጃችሁ ነው። እኔ አርባኛው ጥያቄ አካባቢ ወንበሬን ወደኋላ ገፍቼ ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አለፍኩ።

ብትወድቁም በአብዛኛው ስቴት ከ45 ቀን በኋላ ትፈተናላችሁ፤ በየትኛው ክፍል ከማለፊያው በላይ፣ በየትኛው በታች እንደሆናችሁ የሚያሳይ ሪፖርትም ይሰጣችኋል። ቀን የለወጠ ሰው ይህ ሪፖርት እንኳ የለውም።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ላፕቶፕ አለ። ፈቃዱ ደርሷችሁ ቀን ያልያዛችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ወደዚያ ኑ፤ አብረን እንይዛለን። የፈተናችሁ ዕለት ልጅ የሚይዝላችሁ ካጣችሁ እኔ እይዛለሁ፤ ሐሙስና ዓርብ እረፍቴ ነው።