የሰነድ አረጋጋጭ ማህተም ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

[ምስል፦ ማህተም ያረፈበት ወረቀት በቅርበት]

ሰላም ተመልካቾች። ወረቀት ላይ የሰነድ አረጋጋጭ ወይም የኖታሪ ማህተም ስናይ ብዙዎቻችን «በቃ፣ ይሄ እውነተኛ ሰነድ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እንዲህ ብሎ ገንዘብ መክፈል አደጋ አለው። ለምን እንደሆነ እንይ።

እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ማህተሙ የሚመሰክረው ይህን ያህል ነው፦ እገሌ የተባለ ሰው በዚህ ቀን አረጋጋጩ ፊት ቀርቧል፤ ማንነቱም ታይቷል፤ ፊርማው የእኔ ነው ብሏል። ውስጡ የተጻፈው ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ቤቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። ማህተሙ ስለዚያ ምንም አይልም።

[ምስል፦ ጠረጴዛ፣ መታወቂያ፣ መዝገብ]

ታዲያ ሥራው ቀላል ነው ማለት ነው? በፍጹም። የመጀመሪያው ግዴታ ፈራሚውን ማየት ነው። «ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት፣ ፊርማዋን ግን አውቀዋለሁ» ተብሎ አይታለፍም። ሰውየው ራሱ መቅረብ አለበት። መታወቂያው በአብዛኛው ጊዜው ያላለፈበት፣ ፎቶውም ከፊቱ ጋር የሚገጥም መሆን አለበት።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ይከብዳል፤ የፈራሚውን ፈቃድ መመዘን። አንዲት አዛውንት ከልጃቸው ጋር መጡ እንበል። ውክልና ሊሰጡ ነው። ጥያቄ ሲጠየቁ ግን ልጁ ቀድሞ ይመልሳል፤ እሳቸው ዝም ብለው ያዩታል። ጥሩ አረጋጋጭ እዚህ ጋ ብዕሩን ያስቀምጣል። ልጁን ውጭ እንዲጠብቅ ይለምነዋል። ከዚያ «እናቴ፣ ይህ ወረቀት ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሳቸው ካላሳመነው አያረጋግጥም። ሕጉ የሰጠው ትልቁ ኃይል፣ በእኔ እምነት፣ ይህ እምቢ ማለት ነው። ማህተም መምታት ማንም ይችላል።

ባዶ ቦታ ያለበት ሰነድም ይመለሳል። የብር መጠን የሚጻፍበት መስመር ክፍት ከሆነ፣ ነገ ማን ምን እንደሚሞላበት አይታወቅም። ቀን ወደኋላ መጻፍ ደግሞ ወንጀል ነው፤ የአንድ ቀን ልዩነት ቢሆንም።

[ምስል፦ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን]

ተገልጋዮች የሚደናገሩበት ሌላ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰነድ ፊርማው የእኔ ነው ብሎ ማመን ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ሰነድ እቤት ፈርመውት ቢመጡም ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቃለ መሐላ ግን እንደዚያ አይደለም። አረጋጋጩ ፊት መማል፣ እዚያው ፊቱ ላይ መፈረም ያስፈልጋል። «የትኛው ይሻለኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ጠበቃ ያልሆነ አረጋጋጭ ሊመርጥላችሁ አይፈቀድለትም። ምርጫው የሕግ ምክር ነውና። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ።

የራሱን ፊርማ ማረጋገጥ፣ ጥቅም የሚያገኝበትን ውል ማተም፣ ማህተሙን ለሌላ ሰው ማዋስም አይችልም። መዝገብ የሚይዝበትም ምክንያት አለ፤ ክርክር ቢነሳ ማን መቼ እንደቀረበ እንዲታይ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለውክልናና ለቤት ስም ማዛወሪያ የአውራ ጣት አሻራ ጭምር መዝገቡ ላይ ይወሰዳል።

[ምስል፦ ካርታ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ደመቅ ብለው]

ጀርመንና ፈረንሳይ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ኖታሪ የሕግ ባለሙያ ነው። ውሉን ራሱ ያዘጋጃል፤ ሁለቱንም ወገን ያስረዳል፤ ዋናውንም ያስቀምጣል። ጀርመን ውስጥ የቤት ሽያጭ ውል ያለ እሱ አይጸናም። ከመፈረሙ በፊትም ውሉ ለተዋዋዮቹ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ከእነዚህ አገሮች የመጡ ሰዎች አሜሪካ ገብተው ኖታሪ ሲያዩ ጠበቃ ያገኙ ይመስላቸዋል። አጭበርባሪዎች ይህን ያውቃሉ። የኢሚግሬሽን ጉዳይ እጨርሳለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ኖታሪ፣ ጠበቃ ወይም በሕግ የተፈቀደለት ተወካይ ካልሆነ፣ ከሥልጣኑ ወጥቷል። የሰው የመኖሪያ ፈቃድ በዚህ ይበላሻል፤ ቀነ ገደቡም ካለፈ አይመለስም።

ሰነዱ ድንበር የሚሻገር ከሆነስ? በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የሄግ ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባል ማረጋገጫ ይሠራል። እሱም የሚያረጋግጠው የአረጋጋጩን ፊርማ፣ ሥልጣንና ማህተም ነው። ውስጥ ያለው ጽሑፍ አሁንም ሳይመረመር ነው የሚሻገረው።

[ምስል፦ ሰው ከወረቀቱ ጋር በር ላይ]

ስትሄዱ ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ ያዙ። ባዶ መስመሮቹን ሙሉ፤ የፊርማውን ቦታ ግን ተዉት። ስለ ይዘቱ ጥርጣሬ ካላችሁ ከዚያ በፊት ጠበቃ ጋ ጎራ በሉ። ቤት ወይም መሬት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የባለቤትነት መዝገቡን ከሚመለከተው ቢሮ ራሳችሁ አስፈትሹ።